የጌሙን ልብስ ወስዶ ሕጉን መተው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ከቪዲዮ ጌም የተሠራ ፊልም በከሸፈ ቁጥር የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ «ድሮስ ጌም ምን ታሪክ አለው?» ይባላል። ይህ ጥፋቱን ከሠሪዎቹ አንሥቶ ጌሙ ላይ መጣል ነው። ጌም የሚወደደው ተጫዋቹ በእጁ በሚያደርገው ነገርና ያንን በሚገዛው ሕግ ነው። ከከሸፉት ፊልሞች ብዙዎቹ አልባሳቱን፣ ስሞቹንና መሣሪያዎቹን አሳምረው ወስደው ሕጉን ትተውታል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2021 የወጣውን «ሞርታል ኮምባት» እንመልከት። የጌሙ አከርካሪ ውድድር ነው፤ የባላንጣው ዓለም ተዋጊዎች አሥር ውድድር በተከታታይ ካሸነፉ ምድርን የመውረር መብት ያገኛሉ። ፊልሙ ዘጠኙን አሸንፈው አንድ ብቻ እንደቀራቸው ይነግረናል፤ ከዚያ ውድድሩ ሳይካሄድ ያልቃል። ደሙ፣ የመግደያ ስልቱ፣ አልባሳቱ የጌሙ ነው። ግን ዙር የለም፣ ተራ የለም። የአንዱ ፍልሚያ ውጤት ቀጣዩን ስለማይወስን ተመልካቹ ልቡን የሚሰቅልበት ነገር ያጣል።

የ2016ቱ «አሳሲንስ ክሪድ» የሳተው በጊዜ ድልድል ነው። በጌሙ ውስጥ የዛሬ ሰው በማሽን አማካይነት የጥንት ቅድመ አያቱን ሕይወት መልሶ ይኖራል፤ የዛሬው ዓለም ግን ስስ መግቢያ ብቻ ነው፤ ተጫዋቹ ሰዓታት የሚቆየው በጥንታዊ ከተማ ግድግዳ ላይ እየወጣ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ነው። ፊልሙ ገልብጦት አብዛኛውን ጊዜ በዘመናዊ ቤተ ሙከራ አሳለፈ፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን አጫጭር ጉብኝት ብቻ ደረሳት።

«ዱም» (2005) ሁለት ስሕተት ደራርቧል። በጌሙ ጠላቶቹ ከሲኦል የወጡ አጋንንት ናቸው፤ ፊልሙ ሲኦልን ሰርዞ የዘረመል ሙከራ ውጤት አደረጋቸው። ወደ መጨረሻው ደግሞ ለአምስት ደቂቃ ያህል ካሜራውን በተዋጊው ዓይን ቦታ አስቀመጠው። ጌሙም በተዋጊው ዓይን የሚታይ ስለሆነ ሐሳቡ ታማኝ ይመስላል። ነገር ግን በጌም እይታውን የሚያዞረው የተጫዋቹ እጅ ስለሆነ ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ ያውቃል። ሲኒማ ቤት ውስጥ የሚያዞረው ሌላ ሰው ነው፤ ተመልካቹ የሚያገኘውም ጓደኛው ሲጫወት ከጎኑ ተቀምጦ ተራውን እየጠበቀ የማየትን ስሜት ነው።

ይህ ችግር መፍትሔ እንዳለው የ2023ቱ የቴሌቪዥን ድራማ «ዘ ላስት ኦቭ አስ» አሳይቷል። በ2013ቱ ጌም መክፈቻ ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ሳራ የምትባለውን ልጅ ነው። በሌሊት ነቅታ ጨለማ ቤት ውስጥ አባቷን ትፈልጋለች፤ በር የሚከፍተው የእኛ እጅ ነው። ብዙም ሳይቆይ ትሞታለች፤ የሚያመውም ለዚያ ነው። ድራማው እጅ ሊሰጠን አይችልም። ስለዚህ በእጅ ፈንታ ጊዜ ሰጠን፦ ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ ከእሷ ጋር አዋለን፤ ትምህርት ቤት ሄደች፣ የአባቷን ሰዓት አስጠገነች፣ ጎረቤት ቤት ቆየች። ጌሙ ውስጥ ያልነበሩ ትዕይንቶች ተጨምረው የጌሙ ሐዘን ሳይጎድል ደረሰ።

ሌላም አለ። በጌሙ ዓለምን ያጠፋው የፈንገስ በሽታ በአየርም ስለሚተላለፍ ሰዎቹ ጭምብል ያደርጋሉ። ጭምብል የተዋናዩን ፊት ስለሚሸፍን በድራማው የመጀመሪያ ምዕራፍ (ሲዝን) ተነሣ፤ በምትኩ ከመሬት በታች የተያያዘ የፈንገስ ክር ገባ፤ አንዱን የረገጠ ሰው በሩቅ ያሉትን በሽተኞች ይቀሰቅሳል። የአንዱን ሕግ ቦታ ሌላ ሕግ ስለያዘው አደጋው አልላላም።

ታማኝነት ማለት ምንም አለመንካት ነው ለሚሉ የጌም ወዳጆችም የምለው አለኝ። የ2002ቱ «ሬዚደንት ኢቭል» ዋና ገጸ ባሕርይ አሊስ በጌሞቹ ውስጥ የለችም፤ ፊልሙ ግን አምስት ተከታይ አፍርቷል። የተዘጋው ሕንጻ፣ እያለቀ የሚሄደው ጥይትና የሚያጥረው ጊዜ በቦታቸው ስለቆዩ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ሥራው ከስክሪፕቱ በፊት ይጀምራል። ጸሐፊውና ዳይሬክተሩ ጌሙን ራሳቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወቱ፤ ቅንጫቢ ቪዲዮ ማየት አይተካውም። ለእያንዳንዱ ክፍል ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚከለከልና ምን እንደሚሰማው ጎን ለጎን ይጻፉ። ስሜቱ ይያዝና ድርጊቱ በሲኒማ መንገድ፣ ማለትም በፊት፣ በድምፅ፣ በዝምታ ወይም በጊዜ ይተካ። በጌም አሥር ጊዜ ሞቶ መሞከር ትምህርት ነው፣ በፊልም ግን ይሰለቻል፤ ስለዚህ ገጸ ባሕርይው አንዴ ብቻ ይውደቅ፣ ውድቀቱም ብዙ ያስከፍለው። የአሥራ አምስት ሰዓት ጌም በሁለት ሰዓት አይጨመቅም፤ አንድ ምዕራፍ መርጦ ማስፋት ይሻላል።

የገጸ ባሕርይው መልክም ቀድሞ መፈተሽ አለበት። የ«ሶኒክ» ፊልም የመጀመሪያ ትሬለር (ማስተዋወቂያ ቪዲዮ) በሚያዝያ 2019 ሲወጣ ሶኒክ የሚባለው ጃርት ሰው መሰል ጥርስና የተነጣጠሉ ትናንሽ ዓይኖች ነበሩት፤ ነጭ ጓንቱም ቀርቶ ነበር። ተቃውሞው በርትቶ መልኩ እንደገና ተሠራ፤ ለኅዳር የተያዘው ፊልም ወደ የካቲት 2020 ተገፋ። አንድ ሥዕልና የሠላሳ ሰከንድ የሙከራ አኒሜሽን ገና በረቂቅ ጊዜ ጌሙን ለሚጫወቱ ሰዎች ቢታይ ስሕተቱ ያኔ ይወጣል። ያኔ ማስተካከያው የእርሳስ ሥራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፀጉሩንና ብርሃኑን አስልቶ ከጨረሰ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ትዕይንት እንደገና ይከፈላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ