መሪ ሲቀየር ሁሉም አይቀየርም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ መሪዎች መለዋወጥና ስለ ውጭ ጉዳይ ፖሊሲ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው «መሪ ሲቀየር ሁሉም ነገር ይገለበጣል» ባይ ናቸው። እኔ የምስማማው በግማሹ ነው።

አርጀንቲናን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2023 ብሪክስ (እነ ቻይና፣ ሩሲያና ብራዚል ያሉበት የአገሮች ስብስብ) ጋበዛት፣ የዚያን ጊዜው መንግሥትም ደስ ብሎት ተቀበለ። አባልነቱ ሊጀምር የነበረው በቀጣዩ ዓመት መግቢያ ነው። በመሃል ምርጫ መጣና ሃቪየር ሚሌይ አሸነፉ። አንድ ደብዳቤ ጻፉ፣ ይቅርብን አሉ፣ በቃ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን እኚሁ ሰውዬ በምርጫው ሰሞን ቻይናን ሲያብጠለጥሉ ከርመው፣ ሥልጣን በያዙ በስድስት ወራቸው የአገራቸው ማዕከላዊ ባንክ ከቤጂንግ ጋር ያለውን፣ ሲቸግረው የቻይናን ገንዘብ የሚበደርበትን የ35 ቢሊዮን ዩዋን የገንዘብ ልውውጥ ውል አራዘመ። ካዝናው ከተራቆተ ምን ይደረግ!

አሜሪካም እንደዚያው ናት። የ2015ቱን የኢራን የኑክሌር ስምምነት ኦባማ እንደ ውል ለሴኔት አቅርበው አላስጸደቁትም። ስለዚህ ትራምፕ በ2018 ጥለውት ለመውጣት ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም። የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነትማ የሆቴል በር ሆኗል፤ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል። የምዕራባውያኑ የጦር ቃል ኪዳን ኔቶ ግን ሌላ ነው። ሴኔቱ ያጸደቀው ውል ነው፣ በ2023 መጨረሻ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ብቻውን ተነስቶ እንዳይወጣ ኮንግረሱ በሕግ አሰረው።

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚገርመው የግብፅ ነው። ሳዳት በ1972 የሶቪየት ወታደራዊ አማካሪዎችን አባረሩ፣ በ1979 ከእስራኤል ጋር ሰላም ተፈራረሙ፣ በ1981 ተገደሉ። ያኔ ውሉ አብሯቸው ይቀበራል ያለ ብዙ ነበር። ሙባረክ መጡ፣ አልነኩትም። ከሙስሊም ወንድማማቾች የወጡት ሙርሲ እንኳ አልቀደዱትም፣ አል-ሲሲም እንደያዙት ናቸው። ምክንያቱ ፍቅር አይደለም። ሲና ተመልሶላቸዋል፣ የአሜሪካ እርዳታ በየዓመቱ ይመጣል፣ ሠራዊቱም ዳግም መዋጋት አይፈልግም።

እናም ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አዲስ መሪ ሲጽፉ፣ ሰውዬው መድረክ ላይ ያለውን ብቻ አይንገሩን። የወረሰው ውል በማን እንደጸደቀና ቢቀደድ ማን ገንዘብ እንደሚያጣ ይጨምሩልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ