ከቃል ውጪ ስለተሰጡኝ ሁለት ባለ 15 ኢንች ስፒከሮች የቀረበ ቅሬታ

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝና ለደረሰብኝ ኪሳራ ካሳ እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ

የትዕዛዜን ዝርዝር ከደረሰኙና ከቴሌግራም መልእክቶቻችን ስለምታገኙት እዚህ አልደግመውም፤ በአጭሩ፣ ያለ ሳጥን በክፍት ጣውላ ላይ የሚገጠም ተመሳሳይ ጥንድ ስፒከር አዝዤ የተሰጠኝ ሌላ ዓይነት ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሱቃችሁ ባንኮኒ ፊት የተነገረኝ ንግግር ነው።

ሁለቱን ስፒከሮች በየካርቶናቸው አድርጌ፣ የለካሁበትንም ወረቀት ይዤ፣ በኮንትራት ታክሲ መጣሁ። ሠራተኛችሁ ወረቀቱን ከእጄ ሳይቀበል «ጋሼ፣ ስፒከር እኮ ስፒከር ነው፤ ይጮሃል አይጮህም?» አለኝ። እንደሚጮህ፣ ነገር ግን ያዘዝኩት እሱን እንዳልሆነ፣ አንደኛው ደግሞ እንደሚፋጭ ነገርኩት። ጣቶቼን በኮኑ፣ ማለትም እየተርገበገበ ድምፅ በሚያወጣው የስፒከሩ ሾጣጣ ገጽ፣ ዙሪያ አሳርፌ ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ ስጫነው የመዳብ ጥቅሉ ከማግኔቱ ብረት ጋር ሲታከክ የሚያሰማውን፣ ደረቅ ወረቀት በጥፍር እንደመቧጨር ያለ ድምፅ እንዲሰማ ጆሮውን እንዲያስጠጋልኝ ለመንኩት። አላስጠጋም። ይልቁንም በምን ሳጥን እንደምገጥመው ጠየቀኝና፣ ሳጥን እንደሌለው፣ ጀርባው ክፍት ሆኖ በጣውላ ላይ ብቻ እንደሚገጠም ስነግረው ወደ ባልደረባው ዞሮ ሳቀ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ሲለኝ የቆየው ሰው ከዚያ በኋላ «ሳጥን የሌለው ስፒከር የት አይተህ ታውቃለህ? ራስህ አበላሽተኸው ነው የመጣኸው» አለኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። በሱቁ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች ሁሉ ዞረው ሲያዩኝ ስፒከሮቼን አንስቼ ከመውጣት በቀር ምንም አልተናገርኩም።

ሳጥን የሌለው ስፒከር የእኔ ፈጠራ አይደለም። የድሮዎቹ ባለ ቫልቭ ሬዲዮኖች ጀርባቸው የሚሸፈነው በተበሳሳ ካርቶን ብቻ ነበር። እናንተው በምትሸጧቸው ኤሌክትሮኒክ ክሮስኦቨሮች (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየስፒከሩ በሚያከፋፍሉት መሣሪያዎች) ላይ «ሊንክዊትዝ ራይሊ» ተብሎ ስሙ የተጻፈው መሐንዲስ ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝም እ.ኤ.አ. በ2018 እስካረፈ ድረስ ለብዙ ዓመታት የደከመበት አሠራር ነው። ሠራተኛችሁ ይህን አለማወቁ አያስወቅሰውም፤ ያዘንኩት ባላወቀው ነገር ላይ ሆኖ አጥፊ ስላደረገኝ ነው።

ለምን ያንኑ ዓይነት ስፒከር እንደጠየቅኩ ግንቦት ላይ ሳይሆን ታኅሣሥ ላይ፣ ገና ቀብድ ሳልከፍል፣ በዝርዝር አስረድቼ ነበር። ኮኑ ወደ ፊት ሲገፋ ከጀርባው አየር ይስባል፤ ሳጥን ከሌለ የፊቱና የጀርባው ድምፅ በጣውላው ጠርዝ ዞረው ይገናኙና ወፍራሙ ድምፅ (ቤዙ) እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እኔ ባሠራሁት 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጣውላ ላይ ይህ ጉድለት የሚጀምረው ከተወሰነ ድግግሞሽ በታች ሲሆን፣ ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ያንን ጉድለት በከፊል የሚሞላው ኪው ቲ ኤስ የሚባለው ልኩ ከፍ ያለ፣ ማለትም ማግኔቱ ኮኑን አጥብቆ የማይገታው ስፒከር ነው። ለሳጥን ተብሎ የሚሠራው ዝቅተኛ ልክ ያለው ስፒከር እዚህ ቦታ ላይ ቤዙ ይጠፋል። ድርጅታችሁም ይህን ተረድቶ በጽሑፍ የመለሰልኝ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ኪው ቲ ኤሱ ከ0.7 በላይ የሆነ ተመሳሳይ ጥንድ እናመጣለን፤ ሲረከቡም እዚሁ ፊትዎ ለክተን ነው የምናስረክብዎ።»

የተረከብኩ ዕለት ግን መለኪያውን ባለሙያው ይዞት ወጥቷል ተባልኩ። ቤቴ ወስጄ ራሴ እንድሞክረው፣ ችግር ካለ ያለ ምንም ጥያቄ እንደሚቀየርልኝም ተነገረኝ። እኔም አመንኩ።

ስፒከሩን በገመድ ከመሰላል ላይ አንጠልጥዬ፣ ማግኔቱም ኮኑም ምንም ሳይነካው፣ በባለ 1,000 ኦም ሬዚስተር በኩል ከ10 እስከ 200 ሄርዝ ያለውን የኤሌክትሪክ ምልክት እያሳለፍኩ ሦስት ምሽት ለካሁት። የመጀመሪያው ስፒከር የዲሲ ሬዚስታንሱ (ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) 6 ኦም ሲሆን፣ በራሱ በሚርገበገብበት 34 ሄርዝ ላይ ተቃውሞው ወደ 72 ኦም ይወጣል፤ በሁለቱ ጎኖች በ24.3 እና በ47.6 ሄርዝ ላይ 20.8 ኦም ይሆናል። ከዚህ የሚወጣው ኪው ቲ ኤስ 0.42 ነው። 0.75 ከሆነ ስፒከር ጋር ሲነጻጸር 34 ሄርዝ ላይ ብቻ 5 ዴሲቤል ያህል ይጎድላል ማለት ነው። ሁለተኛው 41 ሄርዝ ላይ የሚርገበገብ፣ የሚፋጭም በመሆኑ ከመጀመሪያው ጋር ጥንድ ነው ሊባል አይችልም። በዚህ ላይ የጣውላውን ቀዳዳ ራሳችሁ በላካችሁልኝ ንድፍ መሠረት በ352 ሚሊ ሜትር አስቆርጬ ስለነበር፣ የሰጣችሁኝ ስፒከር በ5 ሚሊ ሜትር ተርፎ አይገባም። ሰፋ አድርጌ እንዳላስቆርጠው፣ ትክክለኛው ዕቃ ሲመጣ ቀዳዳው ይተርፋል።

ነገሩን ካነሳሁ አይቀር፣ በስድስት ሳምንት ይደርሳል የተባለው ዕቃ አራት ወር መፍጀቱን፣ ማስታወቂያችሁ ላይ ባለው ስልክ አምስት ጊዜ ደውዬ አንድም ጊዜ አለመነሳቱን፣ ከስፒከሮቹ ጋር ያዘዝኳቸው የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተሮችም በተራ ኤሌክትሮላይቲክ ተተክተው መምጣታቸውን ዝም ብዬ ማለፌን አስታውሳችኋለሁ። በጊዜው «ይሁን» ያልኩት ዋናው ዕቃ ትክክል ይሆናል ብዬ ነበር።

ይህን ሁሉ የደከምኩት አባቴ የደረደሩትን በገና በቴፕ ቀድቼ ስላስቀመጥኩት ነው። ያ ቴፕ በሳጥን ስፒከር ሲሰማ ሳጥኑ የራሱን ድምፅ ይጨምርበታል፤ ከጅማቱ ሥር ያለው እንዝራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ የሚሰጠው ንዝረትም ይደበዝዛል። አንድ የማውቀው ሰው ቤት፣ በክፍት ጣውላ ላይ በተገጠመ ስፒከር፣ የበገና ድምፅ አባቴ ከፊቴ የተቀመጡ ያህል ጥርት ብሎ ሰምቻለሁ። ለፋሲካ ወንድሞቼንና እህቶቼን ሰብስቤ ላሰማቸው ቃል ገብቼ ነበር፤ በእናንተ ምክንያት አልሆነም።

ቅዳሜ ስመጣ የፈለግኩት እንዲቀየርልኝ ብቻ ነበር። ከተነገረኝ ነገር በኋላ ግን መቀየሩ አይበቃኝም። የሁለቱ ስፒከሮች ዋጋ 48,000 ብር በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ ለኤምዲኤፍ ጣውላና ለማስቆረጫ ያወጣሁት 9,400 ብር እንዲከፈለኝ፣ ካፓሲተሮቹ በታዘዙት ዓይነት እንዲተኩልኝ፣ እንዲሁም ዕቃውን ራሴ እንዳበላሸሁት የተነገረው ነገር ስህተት መሆኑ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የጽሑፍ ቃላችሁም በእጄ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ መልእክቶቹን፣ ደረሰኙንና የልኬት ወረቀቱን አያይዤ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አቤት እላለሁ።

ስፒከሮቹን እንዳመጣኋቸው በካርቶናቸው አሽጌ አስቀምጫቸዋለሁ። ልኬቱን መጠራጠር መብታችሁ ስለሆነ፣ ቀን ከቀጠራችሁልኝ ሬዚስተሩንና መለኪያዬን ይዤ መጥቼ እዚያው ባንኮኒ ላይ፣ ያው ሠራተኛ ባለበት፣ እንደገና እለካዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የስፒከሮቹ ገዢ