ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ጉንዳን ልኬት የቤት ሥራ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቻችሁ ለሳይንስ ትምህርት የጉንዳን ጭንቅላት ይለካሉ። የምንፈልገው ፌይዶሌ የተባለውን ወገን ነው፤ ድንጋይ ሥርና አጥር ግርጌ ፈልጉት። በአንድ ጎጆ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለው፦ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የሚሆኑ ደቃቆችና ጭንቅላታቸው ለሰውነታቸው ከልክ ያለፈ ትልልቆች። ሁሉም ሴቶች ናቸው።

ልጁ «ትንሿ ገና ግልገል ናት» ቢላችሁ አርሙት። መጠኗን በአብዛኛው የሚወስነው እጭ ሳለች የተመገበችው ነው፤ ሙሉ ጉንዳን ከሆነች በኋላ አታድግም። የትልቋን ጭንቅላት የሞላው በአብዛኛው መንጋጋ የሚዘጋ ጡንቻ ነው፤ ጠንካራ ዘር የምትፈረክሰውም በዚሁ ነው። ለትልቋ የሚሰጠው «ወታደር» የሚለው ስም እንግዲህ ግማሽ ሥራዋን ብቻ ይናገራል።

ስኳር ብቻ ካስቀመጣችሁ ደቃቆቹ ብቻ ሊመጡ ይችላሉ፤ ትልልቆቹ ከጎጆ ብዙ አይርቁም። የተቀቀለ እንቁላል ወይም ኦቾሎኒ ጎጆው አፍ ላይ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ፍርፋሪ ሳይሆን ደቃቆቹ በቀላሉ የማይጎትቱት ቁራሽ ይሁን። ፍሊት የተነፋበት ቦታ አይሆንም።

30 ጉንዳን ይበቃል፣ ሁሉም ከአንድ ጎጆ። ከሁለት ጎጆ ከተቀላቀሉ ይናከሳሉ፤ ይባስ ብሎ ሌላ ዝርያ ይገባና ልጁ ሁለት ዝርያ ለክቶ ሁለት የሠራተኛ መደብ አገኘሁ ይላል። ክንፍ ያለው ሠራተኛ አይደለምና አይቆጠር።

ጉንዳኖቹን ጠርሙስ ውስጥ ሰብስባችሁ ጠርሙሱን 10 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ቅዝቃዜው ያፈዛቸዋል። ፍሪዘር ግን ይገድላቸዋል። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ባለ ሚሊሜትር ወረቀት ላይ አውጥታችሁ በስልክ ከአናታቸው ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። ስልኩ ካዘነበለ ልኬቱ ይዛባል። ከዚያ ፎቶውን አጉልቶ የጭንቅላቱን ስፋት መለካት የልጁ ሥራ ነው፤ እናንተ አትለኩለት። የሰውነት ርዝመት አንፈልግም፤ ሆድ ሲጠግብ ይነፋል፣ ሲራብ ይሟሽሻል። ጭንቅላት ግን ደረቅ ቅርፊት ስለሆነ አይለወጥም።

ገብረ ጉንዳን በፍጹም አይነካ። ዓይን የሌላቸው ሠራተኞቹ ከደቃቅ እስከ ግዙፍ ያለ ክፍተት ስለሚደረደሩ ለንጽጽር ይመቹ ነበር፤ ነገር ግን የትልልቆቹ መንጋጋ ቆዳ በስቶ እንደተነከሰ ይቀራል። እሱን በክፍል በሥዕል እናሳያቸዋለን።

ጉንዳኖቹ ከተለኩ በኋላ ወደ ወጡበት ጎጆ ይመለሱ። ልጆች ዓርብ ይዘው የሚመጡት ቁጥሮቹን ብቻ ነው፤ ጠርሙሱ ቤት ይቅር።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር