«ማሽኑን አሳድጉ» ከማለታችሁ በፊት ብትመረምሩልን

ጥር 2018

ለደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ
ለዳታቤዝ ድጋፍ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያለ ምርመራ በተሰጠን ምክር ምክንያት አላግባብ ስለከፈልነው ገንዘብና ስለተነፈግነው መረጃ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልን።

እኛ ለመድኃኒት ቤቶች የሽያጭና የስቶክ ሶፍትዌር የምናቀርብ አነስተኛ ድርጅት ነን። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠራ ነው፤ የሚቀመጠውም እናንተ ጋ ነው። ሰርቨሩን የምትጠብቁት፣ ባካፑን የምትይዙት፣ ቨርዥኑን የምታሳድጉት እናንተ ናችሁ። ራሳችን ሰርቨር ተከራይተን ብንጭነው በርካሽ ይወጣልን ነበር። ሌሊት ስልክ እንዳይቀሰቅሰን ብለን ነው ጨምረን የምንከፍላችሁ። ውላችን ላይም «ሙሉ ክትትልና የአፈጻጸም ድጋፍ» የሚል ቃል ሰፍሯል።

ዳታቤዝ አንዳንዴ ይንቀራፈፋል፤ ያለ ነው። ያስከፋን ሌላ ነው። የተንቀራፈፈበትን ምክንያት የምናይበትን መሣሪያ ሁሉ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ እናንተም ሳታዩበት፣ ገንዘብ ጨምሩ አላችሁን። እኛም ጨመርን።

የሆነው እንዲህ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዳታቤዙን ከፖስትግሬስ ቨርዥን 13 ወደ 16 አሳደጋችሁት። ምክንያታችሁ ትክክል ነበር፤ የፖስትግሬስ 13 የድጋፍ ጊዜ ኅዳር 4 ቀን 2018 ያበቃ ነበርና። የላካችሁልን ማስታወቂያ መጨረሻው ላይ «ከደንበኛው የሚጠበቅ ምንም ነገር የለም» ይላል። አመንናችሁ። ሥራው እሑድ ሌሊት አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ስልኩ ጀመረ።

በእኛ ሲስተም ፋርማሲስቷ የመድኃኒቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ስትጽፍ፣ በእጅ ያለው መጠን በየባቹ፣ ኤክስፓየር ከሚያደርግበት ቀን ጋር ተዘርዝሮ ይመጣላታል። ይህ ዝርዝር ድሮ 40 ሚሊሰከንድ ነበር የሚፈጀው። ጣቷን ከኪቦርዱ ሳታነሳ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ጠዋት ላይ 5 ሰከንድ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ 30 እና 40 ሰከንድ ይወስድ ጀመር። መስኮቱ ፊት የሐኪም ማዘዣ የያዘ ሰው ቆሟል። ከኋላው ልጅ ያቀፈች እናት አለች። ፋርማሲስቷ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን ክብ ታያለች፣ ሰዉ ደግሞ እሷን ያያል። በመጨረሻ የምትለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «ሲስተም የለም»። ባንክ ቤት ስንሰማው የሚያበግነን ነገር በእኛ ሶፍትዌር ስም ሲባል ያሳፍራል። አንዲት ደንበኛችን ደውላ «ወንድሜ፣ ሰዉን ምን ልበለው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አንዳንዶቹ ወደ ቢን ካርድ፣ ወደ ወረቀቱ የስቶክ መዝገብ፣ ተመልሰው በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመሩ።

ቲኬት ከፈትን። መልሱ በዚያው ቀን መጣ፤ ለፍጥነቱ እናመሰግናለን። «ሲፒዩው 14 በመቶ ላይ ነው፣ ዳታቤዙ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ከአፕሊኬሽናችሁ ሊሆን ይችላል» ይላል። ኩዌሪው፣ ማለትም ለዳታቤዙ የተላከው ጥያቄ፣ ዲስኩ እስኪያነብለት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ከሆነ እኮ ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው። ዝቅ ብሎ ቢታይ ምን ይገርማል? በመሥራት ላይ ያሉትን ኩዌሪዎች የሚዘረዝረውን ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ከፍቶ፣ ምን እየጠበቁ እንደሆነ የሚናገረውን «ዌይት ኢቨንት» ዓምድ ማየት ይበቃ ነበር። እኛ ስናየው የተገተሩት ኩዌሪዎች ሁሉ «ዳታ ፋይል ሪድ» ላይ፣ ማለትም የዲስክ ንባብ እየጠበቁ፣ ነበሩ። ይህንኑ ጽፈን ላክን። የሚቀጥለው መልስ የመጣው ከሌላ ባልደረባችሁ ነው። የሚጀምረው «እባክዎ የችግሩን ስክሪንሾት ይላኩልን» ብሎ ነው።

በኮንሶላችሁ (በመከታተያ ገጻችሁ) ላይ ያለው ግራፍ የ5 ደቂቃ አማካይ ነው። ለ40 ሰከንድ የተገተረ ኩዌሪ እዚያ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። «ቀርፋፋ ኩዌሪዎች» የሚለው ገጻችሁ ደግሞ ይብሳል፤ ጽሑፉን ይቆርጠዋል። ፖስትግሬስ በመሥራት ላይ ያለን ኩዌሪ ካልተቀየረ በስተቀር እስከ 1024 ባይት ብቻ ነው የሚያሳየው። እናንተም እንዳለ ትታችሁታል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ሙሉ በሙሉ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ቢሆን 341 ፊደል ላይ ያበቃል ማለት ነው። የእኛ ሪፖርቶች የዓምድ ስያሜያቸው አማርኛ ነው፤ «የመድኃኒቱ ስም»፣ «ቀሪ መጠን»፣ «የተመላሽ ምክንያት» እያለ ይቀጥላል። ገጻችሁ ስያሜዎቹን ዘርዝሮ ሳይጨርስ ይቋረጣል። ከየትኛው ሰንጠረዥ እንደሚያነብ፣ በምን እንደሚያጣራ የሚናገረው ክፍል ገና ከታች ነበር። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ደንበኛ ላይ ይህ ቶሎ አይደርስም። አዲስ አበባ ላይ ቢሮ ከፍታችሁ ለአማርኛ ጸሐፊ የምትሸጡ ከሆነ ግን የ1024ቷን ቁጥር ከፍ ማድረግ አንድ መስመርና አንድ ሪስታርት ነው።

ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ እንዲበራልን ጠየቅን። የትኛው ኩዌሪ ስንት ጊዜ እንደተጠራ፣ በድምሩ ምን ያህል ሰዓት እንደበላ የሚመዘግብ ኤክስቴንሽን ነው፤ ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ ይመጣል፣ አይገዛም። የሚጫነው ሰርቨሩ ሲነሳ ስለሆነ ከእናንተ በቀር ሊያበራው የሚችል የለም። «ለዋናው ቢሮ አስተላልፈናል» ተባልን። ከዚያ የውሃ ሽታ ሆነ። እሺ፣ ቢያንስ በሪፖርት ዩዘሩ የሚላኩትን ኩዌሪዎች እንድናይ ፒጂ ሞኒተር የሚባለውን ሮል፣ ማለትም የፈቃድ ዓይነት፣ ስጡን አልን። ይህ ሮል ከ10ኛው ቨርዥን ጀምሮ ያለ ነው። የተሠራውም ሱፐርዩዘር የሚባለው ሙሉ ሥልጣን ሳይሰጥ ክትትል ማድረግ እንዲቻል ነው። «ለደኅንነት ሲባል አይፈቀድም» አላችሁ። የራሳችንን ዳታ፣ የራሳችንን ኩዌሪ ከማን ነው የምትደብቁት?

ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ ባልደረባችሁ ደወለ። ትሑት ሰው ነው፤ በእሱ በግል ቅር አልተሰኘንም። «የሥራ ጫናችሁ ጨምሯል፣ ረፋድ ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው፣ ሜሞሪውን ከ4 ወደ 16 ጊጋባይት ብታሳድጉት ይሻላል» አለን። የጥሪ ብዛታችን ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያው እንደሆነ ነገርነው። ግራፉ እናንተም ጋ አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ። ሳይመረምሩ መድኃኒት ማዘዝ ማለት ይሄ ነው።

መድኃኒት ቤቶቹ እየጮሁብን ስለነበር አሳደግነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። 35 ሰከንድ የነበረው 2 ሰከንድ ሆነ፤ እናንተም ቲኬቱን «ተፈትቷል» ብላችሁ ዘጋችሁት። በ40 ሚሊሰከንድ ይመጣ የነበረ ነገር 2 ሰከንድ ከፈጀ ምኑ ነው የተፈታው? ሂሳባችሁ በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ ምንዛሪ በብር ነው የሚከፈለው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ እያንዳንዷ ዶላር እኛን ምን እንደምታደርገን ታውቁታላችሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሂሳብ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ።

ምክንያቱን ያገኘችው ከእኛው ልጆች አንዷ ነች። ያንን የስቶክ ኩዌሪ ወስዳ፣ ፖስትግሬስ በምን መንገድ (ፕላን) እንደሠራው በሚያሳየው በኤክስፕሌይን አናላይዝ አስኬደችው፤ ስንት ገጽ እንዳነበበ የሚናገረውን የባፈር ቆጠራም ጨምራ። ፖስትግሬስ ከእንቅስቃሴ ሰንጠረዡ 61,000 ረድፍ ይመጣል ብሎ ገምቷል። የመጣው 38 ነው። 38ቱን ለማግኘት ደግሞ 14 ሚሊዮን ረድፍ ያለውን ሰንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። 260,000 ገጽ፤ አንዱ ገጽ 8 ኪሎባይት ስለሆነ ከ2 ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። ለዚሁ ብለን የሠራነው ኢንዴክስ፣ ሰንጠረዡን ሳያገላብጡ ረድፉን የሚያገኙበት ማውጫ፣ እዚያው ቁጭ ብሏል። አልነካውም።

ፖስትግሬስ በየትኛው መንገድ ልሂድ ብሎ የሚወስነው ስለ ሰንጠረዦቹ ይዘት በሰበሰበው ስታቲስቲክስ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ስታቲስቲክሱ መቼ እንደተሰበሰበ የሚያሳየውን ፒጂ ስታት ዩዘር ቴብልስን ከፈተች። ላስት አናላይዝ (በትእዛዝ የተሰበሰበበት ጊዜ)፣ ባዶ። ላስት ኦቶአናላይዝ (በራሱ የተሰበሰበበት ጊዜ)፣ ባዶ። ካሳደጋችሁበት ሌሊት ጀምሮ ለትልቁ ሰንጠረዥ አንድም ጊዜ ስታቲስቲክስ አልተሰበሰበም። የማሳደጊያው መሣሪያ ፒጂ አፕግሬድ እስከ 17 ድረስ ወዳሉት ቨርዥኖች ሲያሻግር ስታቲስቲክሱን ይዞ አይሄድም። ይዞ መሄድ የጀመረው መስከረም 2018 ከወጣው 18ኛው ቨርዥን ጋር ነው። ሥራውን ሲጨርስ ግን ስታቲስቲክስ ሰብስቡ ብሎ፣ ትእዛዙን ጭምር ጽፎ ያሳያል። ያንን መልእክት ሊያይ የሚችለው በዚያ እሑድ ሌሊት ስክሪኑ ፊት የነበረው የእናንተ ሰው ብቻ ነው። ለእኛ የደረሰን «ምንም አይጠበቅም» የሚለው ነው።

ከጀርባ የሚሠራው የፖስትግሬስ ኦቶቫኪዩም በራሱ ጊዜ ይሠራዋል ትሉ ይሆናል። ለትናንሾቹ ሰንጠረዦች ሠርቶታል፤ ለዚህም ነው ሌላው ሁሉ ደህና መስሎ የታየው። በነባሪ አሠራሩ አናላይዝ የሚያደርገው፣ ማለትም ስታቲስቲክስ የሚሰበስበው፣ ከሰንጠረዡ 10 በመቶ ያህል ሲቀየር ነው። ለ14 ሚሊዮን ረድፍ 1.4 ሚሊዮን ለውጥ ይፈልጋል። እኛ በቀን የምናስገባው 12,000 ገደማ ነው። በዚህ ሂሳብ እስከ የካቲት መገባደጃ ድረስ «ሲስተም የለም» እያልን ልንቆይ ነበር።

አናላይዝ ብላ ጻፈች። ከ14 ሚሊዮኑ 30,000 ረድፍ ያህል ናሙና ብቻ ስለሚወስድ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ኩዌሪው 30 ሚሊሰከንድ ሆነ። ማሽኑን ወደ 4 ጊጋባይት መለስነው። አሁንም 30 ሚሊሰከንድ ነው። ማሳደጉ ያስፈልግ ነበር ወይ ለሚለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለንም።

የረፋዱ ነገር ግን አልገባንም ነበር። ያው ኩዌሪ ጠዋት 5 ሰከንድ፣ ቆይቶ 40 የሚሆነው ለምንድን ነው? መልሱን የነገረን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የሽያጭ ክፍላችሁ ነው፤ ውዱን ዲስክ ሊሸጥልን ሲያግባባን። የእኛ ዲስክ ክሬዲት አለው። ሌሊት ይጠራቀማል፣ ቀን ይበላል፤ ሲያልቅ በሰከንድ ከ2,000 ንባብና ጽሕፈት ወደ 250 ይወርዳል። ውሉ አባሪ ላይ በአንድ መስመር አለች። ኮንሶሉ ላይ የለችም። ባልደረባችሁ የሥራ ጫና ነው ያለን የክሬዲቱ ማለቅ ነበር። ቀሪው ክሬዲት በግራፍ ቢታየን ኖሮ ምን እየበላው እንደሆነ በማግስቱ እንፈልግ ነበር። ሽያጭ ክፍሉ የሚያውቀውን የድጋፍ ክፍሉ እንዴት አላወቀም? ወይስ አውቆ ዝም አለ?

የምንጠይቀው ይህን ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ የማሽን ልዩነት ክፍያ ይመለስልን፣ ካልሆነም ከሚቀጥለው ሂሳብ ይቀነስልን። ቨርዥን ስታሳድጉ ስታቲስቲክስ መሰብሰብ የሥራችሁ አካል ይሁን። ፖስትግሬስ መጀመሪያ ሻካራውን ግምት፣ ቀጥሎ ሙሉውን በደረጃ የሚሰበስብበት ትእዛዝ አብሮት ይመጣል፤ አዲስ ነገር ፍጠሩ አላልንም። የዲስኩ ክሬዲት ኮንሶሉ ላይ ይታይ። ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ ይብራልን፣ ፒጂ ሞኒተር ይሰጠን፣ የ1024ቷ ገደብ ከፍ ትበል። የዲስክ ንባብ ጊዜን የሚለካው ትራክ አይኦ ታይሚንግም እንዲሁ ይብራ፤ ካልበራ ኤክስፕሌይን ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደበላ አይናገርም። ድጋፍ ክፍላችሁም የኩዌሪውን ፕላን ሳያይ ማሽን አሳድጉ ማለቱን ይተው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸኩለው ግን የሌሎች ነገር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ከ13 ያሳደጋችሁላቸው ሌሎች ደንበኞች ይኖራሉ። ላስት አናላይዝ ባዶ መሆኑን ለማየት ለእያንዳንዱ አንድ ኩዌሪ ይበቃል። ዛሬውኑ እዩላቸው። ምናልባት እነሱም በእናንተ ምክር ማሽን እያሳደጉ ይሆናል።

መልሳችሁን እስከ ጥር 30 በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ በስልክ «እናየዋለን» የሚለውን እንደ መልስ አንቆጥረውም። ካልደረሰን በውሉ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተን ዳታችንን እናወጣለን።

ከአናላይዙ በፊትና በኋላ ያለው የኤክስፕሌይን ውጤት፣ የሁለቱ ወራት ደረሰኝ፣ የማስታወቂያችሁና የቲኬቶቹ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለሽያጭ ክፍል
ለሂሳብ ክፍል