ለደንበኞቻችን፦ የልጅነት የካርቱን ካሴቶቻችሁን ስለምንገለብጥበት መንገድ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ወደ አራት ኪሎው ቤታችን ከሚመጡት የቪዲዮ ካሴቶች መካከል ከሠርግና ከክርስትና ቀጥሎ የሚበዛው የልጆች ካርቱን ነው። አምጪዎቹ በአብዛኛው ዛሬ ራሳቸው ወላጆች የሆኑ ሰዎች ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው ያዩትን ፊልም ልጆቻቸውም እንዲያዩት በፍላሽ ገልብጠን እንድንሰጣቸው ይጠይቁናል። ሥራውን ከመቀበላችን በፊት ለምን ጥያቄ እንደምናበዛ፣ አንዳንዱንም ካሴት ገንዘብ ባታወጡበት ይሻላል ብለን ለምን እንደምንመልስ ግልጽ እንዲሆንላችሁ ይህን ደብዳቤ ጽፈናል።

የምትፈልጉት ፊልሙን ብቻ ከሆነ ካሴቱን ማስገልበጥ አያስፈልጋችሁም። የጃፓኑ ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው ቪኤችኤስ፣ ማለትም እነዚህ ካሴቶች የተቀዱበት ዓይነት፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክር ላይ ወደ ጎን 240 መስመር ገደማ ብቻ የሚይዝ ሥርዓት ነው፤ እኛም በየትኛውም መሣሪያ ብንገለብጠው ክሩ ላይ የሌለውን ጥራት ልንፈጥርለት አንችልም። ታዋቂዎቹ ካርቱኖች ከዚያ ወዲህ ከመጀመሪያው ፊልም ላይ በጥራት ተዘጋጅተው ወጥተዋል። በተጨማሪም ከኩባንያ የወጡ ብዙ ካሴቶች ማክሮቪዥን የተባለ መከላከያ ስላለባቸው ሲገለበጡ ምስሉ እየደመቀ እየጨለመ ያስቸግራል፤ ይህን መከላከያ የማንሳት ሥራ አንሠራም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መጠቀሚያ የሚፈቅደው አንድ ቅጂ በመሆኑም፣ ለጎረቤትና ለዘመድ እንድናባዛ የሚቀርብልንን ጥያቄ አንቀበልም።

ይህን ምክር ሰምተው ሄደው አዲሱን ቅጂ ካዩ በኋላ «ይኼ እኮ ያ ፊልም አይደለም» እያሉ የሚመለሱ ደንበኞች አሉን፤ እውነታቸውንም ነው። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ሲያሳይ አገራችን የተጠቀመችበት ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ግን 25 ያሳያል፤ ስለዚህ በፓል ካሴት የወጣ ፊልም አራት በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ የ90 ደቂቃው ፊልም በ86 ደቂቃ ከግማሽ ባልሞላ ጊዜ ያልቃል፣ የዘፈኑም ድምፅ በመጠኑ ይቀጥናል። አሁን የሚገኙት ቅጂዎች በአብዛኛው በ24 ስለሚሄዱ፣ ዘፈኑን በካሴት ለሸመደደ ጆሮ የዘገየና የወፈረ ይመስላሉ። ምስሉም ቢሆን በዚያን ጊዜው ቴሌቪዥን ልክ ግራና ቀኙ ተቆርጦ የነበረ ሊሆን ይችላል። ከዓረብ አገር የመጣ ካሴት ከሆነ ደግሞ ከሥር የዓረብኛ ጽሑፍ ይኖረዋል፤ ጽሑፉን ማንበብ ሳይችል ቅርጹን እስከ ዛሬ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት አይደለም። የናፈቃችሁ ይህ ከሆነ ካሴታችሁን እንዳለ፣ ሳናስተካክለውና ሳናሳምረው እንገለብጥላችኋለን።

ከአሜሪካ ዘመድ የላካቸው ካሴቶች ለብቻ ሊጠቀሱ ይገባል። እነዚህ ኤንቲኤስሲ በተባለው ሥርዓት፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች በፓሉ 625 ፋንታ በ525 መስመር የተቀረጹ በመሆናቸው፣ ፓል ብቻ በሚያነብ ዴክ ሲገቡ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ይንከባለላል፣ ወይም ጭራሽ አይታይም። በብዙ ቤት «ተበላሽቷል» ተብለው ሳጥን ውስጥ የቀሩት እነዚህ ናቸው፤ ልጆቹም የተላከላቸውን ካርቱን ሽፋኑን ብቻ እያዩ አድገዋል። ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ዴክ ስላለን ሳትጥሏቸው አሳዩን።

ከሁሉ በላይ የምንጠነቀቅለት ግን ቤት ውስጥ የተቀዳው ካሴት ነው። ኢ-180 የሚል ጽሑፍ ያለበት ካሴት ሦስት ሰዓት ይይዛል፤ አንድ ካርቱን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም። የተረፈውን ክር ባዶ የሚተው ቤት አልነበረም። ካርቱኑ ሲያልቅ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተቀዳ የአባባ ተስፋዬ ተረት፣ የበዓል ፕሮግራም፣ አንዳንዴም የልደት ቀን ወይም ውጭ አገር ላለ ዘመድ የተቀረጸ ሰላምታ እናገኛለን። የኩባንያ ካሴት ነው ብላችሁም አትለፉት። በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ፣ በላዩ እንዳይቀዳ ተብሎ ክፍት የተተወችው ትንሽ ቀዳዳ በስኮች ተሸፍና ካገኛችሁ፣ አንድ ሰው በላዩ ሌላ ነገር ቀድቶበታል ማለት ነው፤ በእኛ ግምትም ያ ነገር ከካርቱኑ ይበልጣል። ስለዚህ ማንኛውንም ካሴት ፊልሙ ሲያልቅ ሳናቆም ክሩ እስኪያልቅ እናያለን። ዋጋችን በካሴት ብዛት ሳይሆን በሰዓት የሆነውም ለዚህ ነው፤ የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ የሚያፋጥነው መንገድም የለም።

በምስሉ መካከል አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጭረትና ነጭ መስመር ሲበዛ የእኛ ጥፋት የሚመስላቸው ደንበኞች ስላሉ ይህንንም እናስረዳ። ዴክ ምስል አቁሞ ሲያሳይ ክሩን የሚያነበው ተሽከርካሪ ሄድ ያንኑ የክር ቦታ ደጋግሞ ይፍቀዋል፤ ልጆች የወደዱትን ቦታ እያቆሙና እየመለሱ ሲያዩ የሚጎዳውም እርሱ ነው። የተጎዳውን ቦታ አይተን በልጅነታችሁ የቱን እንደምትወዱ ብዙ ጊዜ መገመት እንችላለን። ይጥፋልን ካላላችሁ በስተቀር አንነካውም።

ካሴቱን ከማምጣታችሁ በፊት በመስኮቱ በኩል ክሩን ተመልከቱ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ክረምቱ ያመጣው ሻጋታ ነውና ቤት ባለው ዴክ አትሞክሩት፤ ሻጋታው ሄዱ ላይ ተጣብቆ በኋላ ወደሚገቡት ካሴቶች ሁሉ ይዛመታል። እንዲህ ያለውን በላስቲክ ለይታችሁ አምጡ፤ ጽዳቱ ለብቻው ይከፈልበታል። ቪኤችኤስ ዴክ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው ታዋቂ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ምርቱን ስላቆመ መለዋወጫ የምናገኘው ምናለሽ ተራ ከሚወርዱ አሮጌ ዴኮች ነው። በዚህም ምክንያት ቀጠሮ ልናራዝምባችሁ እንችላለን።

ካሴቱን ስታስረክቡ ማን እንደቀዳው፣ ከየት እንደመጣና ከካርቱኑ በኋላ ምን ሊኖርበት እንደሚችል የምታስታውሱትን ሁሉ በቅጹ ላይ ጻፉልን። ገልብጠን ስንጨርስ ካሴቱን ከፍላሹ ጋር እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የካሴት ግልበጣ ክፍል፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ