ፋርምቪል ላይ አንቺን አሰብኩሽ

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «እዚያ አገር ከፎቅና ከመኪና ሌላ የሚታይ ነገር የለም ወይ?» ብለሽኝ ነበር። አለ እማዬ። ቅዳሜ ሥራ ከሌለኝ ልጆቹን ይዤ ትናንሽ ከተሞችን ማየት ጀምሬያለሁ።

እዚህ አሜሪካ አብዛኛው ስቴት በካውንቲ ይከፋፈላል። የእኛን የድሮ አውራጃ አስቢ። ቨርጂኒያ ብቻዋን 95 ካውንቲ አላት። እንደ አውራጃ ከተማ ሁሉ እያንዳንዱ ካውንቲ አስተዳደሩና ፍርድ ቤቱ የሚገኙበት ከተማ አለው። ሰው ቤት ሲገዛ፣ ሲጋባ፣ ሲናዘዝ ወረቀቱ እዚያ ይመዘገባል። በአንዳንዱ ቦታ የዛሬ 200 ዓመት ማን ለማን መሬት እንደሸጠ መዝገቡን አገላብጠሽ ማየት ትችያለሽ። በዚያው መዝገብ ውስጥ ግን ሰውም ከከብትና ከዕቃ ጋር ተቆጥሮ፣ ዋጋ ወጥቶለት ተጽፏል። ያንን ማንበብ ይከብዳል።

መጀመሪያ የሄድነው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው ቻርልስ ታውን ነው። የቆረቆራት የጆርጅ ዋሽንግተን ታናሽ ወንድም ቻርልስ ነው። ባርነትን በጦር መሣሪያ አስወግዳለሁ ብሎ የተነሣው ጆን ብራውን በ1859 የተፈረደበትም የተሰቀለውም እዚያ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) ዛሬ ጸጥ ያለች ከተማ ናት።

ዋናው ልጽፍልሽ የፈለግኩት ግን ስለ ፋርምቪል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ዋና ከተማ ናት፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ያህል ታስነዳለች። ዋናው መንገድ ላይ ሞተን የሚባል የድሮ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አሁን ሙዚየም ነው። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ጠመኔ ይዘሽ የቆምሽ መምህርት ስለሆንሽ ይሄን ቦታ ከእኔ በላይ አንቺ ብታዪው ይገባሻል።

በ1951 ለ180 ተማሪ ያህል በተሠራው ቤት ውስጥ ከ450 በላይ ይማሩ ነበር። ለተረፈው ተማሪ ግቢው ውስጥ ሬንጅ የተነከረ ወረቀት የለበሱ የእንጨት ክፍሎች ተሠሩ። ዝናብ ሲመጣ ያፈሳሉ። ክረምት ላይ ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ይቃጠላል፣ ራቅ ያለው በብርድ ይንቀጠቀጣል።

ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ይሄን አልችልም አለች። ኤፕሪል 23 ቀን ርዕሰ መምህሩን በስልክ አታለው ከግቢ አስወጡትና ተማሪውን በሙሉ አዳራሽ ሰበሰቡ። መድረኩ ላይ ወጥታ ተናገረች፤ ተያይዘው ትምህርት አቆሙ። አስቢው እማዬ፣ የ16 ዓመት ልጅ! እኔ አሁን በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ያን ያህል ሰው ፊት ለመቆም ልቤ ይመታል። የጠየቁት የተሻለ ትምህርት ቤት ነበር። ጠበቆቹ ግን ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ መማሩን ራሱን እንክሰስ አሏቸው። ክሱ ከሌሎች አራት ጉዳዮች ጋር ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1954 ተፈረደላቸው።

የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ካውንቲው አብረው ከሚማሩስ ብሎ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጋ። እስከ 1964 አልከፈተም። ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተቋቋመላቸው። ከጥቁሮቹ ዘመድ ያለው ወደ ሌላ ከተማ ተላከ፤ አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ፊደል ቆጠረ። ጨርሶ ያልተመለሰም ብዙ ነው። ትንሿ ልጄ በጣቷ ስትቆጥር ቆየችና «እኔ ብሆን አራተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ስመለስ ዘጠነኛ መሆን ነበረብኝ» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ስንወጣ በዚያው መንገድ በእግር ወደ ፍርድ ቤቱ ወረድን። ከ2008 ጀምሮ ለባርባራና ለጓደኞቿ፣ ለተዘጋባቸውም ልጆች መታሰቢያ ማማው ላይ መብራት ይበራል። ያስበራው ያኔ ትምህርት ቤቶቹን የዘጋው የካውንቲው ምክር ቤት ራሱ ነው። ያጠፉትን ጥፋት በራሳቸው ፍርድ ቤት አናት ላይ ማብራታቸው ደስ አለኝ። የጠፋውን አምስት ዓመት እንደማይመልስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

እዚያ ቆሜ አንቺን አሰብኩሽ። ነገሩ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አንቺም በ1967 ዓ.ም. ከ11ኛ ክፍል ደብተርሽን ዘግተሽ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደሻል። ሲያልቅ ተመልሰሽ ጨረስሽ፣ መምህርትም ሆንሽ። አጠገብሽ ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛሽ ግን እንዳልተመለሰች አንዴ ቡና እያፈላሽ ነግረሽኛል። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሳልጠይቅሽ ለጨዋታ ሮጥኩ።

እሁድ እደውላለሁ። ስሟ ማን ነበር እማዬ? የየት አገር ልጅ ነበረች? ትንሿም ማወቅ ትፈልጋለች፤ እርሳስና ወረቀት ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች።

የሚወድሽ ልጅሽ