አርባ ታብሌት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፦ የድጋፍ ጥሪ ለድሬ ልጆች

ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ሳቢያንም ሆነ ባሕር ማዶ ያላችሁ የድሬዳዋ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

የትምህርት ቤታችን የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆኑ 40 ታብሌቶች ለመግዛት ተነሥቷል። የምንለምናችሁን ከወዲሁ በግልጽ እንናገር፦ ዕቃ አትላኩልን፣ ብር ስጡን። ይህ አንዳንዶቻችሁን ቅር እንደሚያሰኝ እናውቃለን። «ቤቴ የተቀመጠ አሮጌ ታብሌት አለ፣ ልላክላችሁ» ያሉን ወዳጆች ጥቂት አይደሉም። እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጣችሁ፤ ግን ምክንያታችንን ስሙን።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ታትሞ ከተዳረሰው መጽሐፍ ይልቅ በቴሌግራም የዞረው ፒዲኤፍ ቀድሞ ነው እጃችን የገባው። ልጆቻችን እስካሁን ብዙውን ትምህርት የሚያነቡት በስልክ ነው። በቅርቡ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሦስት ተማሪዎች ስክሪኗ የተሰነጠቀ አንዲት ስልክ ከበው ፔሪዮዲክ ቴብል ሲያዩ አገኘኋቸው። አንዷ በሁለት ጣቷ ታሰፋለች፣ ሌላው «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይላል፣ ሦስተኛው ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ሶዲየም ሲገባላቸው ክሎሪን ከስክሪኑ ይወጣል። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ጥያቄ ስክሪን ላይ አንብቦ፣ መልስ መርጦ፣ ተመልሶ ማረም ያለመደ ልጅ እዚያ ሲቀመጥ ፈተናው ሁለት ይሆንበታል።

ይህን ጥሪ እንድጽፍ ኮሚቴው እኔን የመረጠኝ ስልክና ታብሌት ጠጋኝ ስለሆንኩ ነው። የታብሌት ጉዱ የሚታወቀው ሲከፈት ነው።

ከተላኩልን አሮጌዎች ልጀምር። የአንዱ ባትሪ አብጦ ስክሪኑን ከጎን ገፍቶታል፤ እንዲህ ያለውን ልጆች ያሉበት ክፍል አላስገባም። ሌላው ደህና አይፓድ ነው፣ ግን በቀድሞ ባለቤቱ አካውንት ተቆልፏል፤ ባለቤቱ ራሱ ካልከፈተው ከጠረጴዛ ማስጌጫ አያልፍም። የቀሩት ይሠራሉ፤ ሆኖም የአንዱ ቻርጀር ለሌላው አይሆንም፣ የአንዱ አንድሮይድ ከማርጀቱ የተነሣ የመማሪያ አፕሊኬሽን አይቀበልም። መምህሩ «ከላይ በቀኝ ያለውን ንኩ» ሲል ግማሹ ክፍል ከላይ በቀኝ ምንም የለውም። አርባ ደቂቃ በዚህ ያልቃል። አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን መምህሩ አንዴ ያስተምራል፤ እኔም አንዱ ሲሰበር ከሌላው ስባሪ ዕቃ ፈትቼ እጠግናለሁ።

«ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ርካሹን አትገዙም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ርካሽ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። ግን ካርቶኑ 256 ጊጋባይት የሚል፣ ሴቲንጉም 256 የሚያሳይ፣ ፋይል ሲጫንበት ግን 16 ላይ ሞልቶ የሚቀር ታብሌት አለ፤ ሶፍትዌሩ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የሚሠራው። የአንድሮይዱ ቁጥርም እንዲሁ ሊዋሽ ይችላል። ስለዚህ ከየትም ብንገዛ ዕቃውን እዚያው ፋይል ሞልተን እንፈትነዋለን። ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥም ሰርቲፋይድ (በጉግል የተረጋገጠ) መሆኑን ካላሳየን አንረከብም።

የምንፈልገው ስክሪኑ 10 ኢንች የሆነ ነው፤ በ7 ኢንች ላይ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ያው የስልኩን ጣጣ ያመጣል። ራሙ ከ4 ጊጋባይት፣ ማከማቻው ከ64 እንዳያንስ፣ ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል፣ ቻርጀሩ ታይፕ ሲ የሆነ። ሲም ካርድ አያስፈልገውም፣ ዋጋ ብቻ ይጨምራል። ካሜራውም ምንም ቢሆን ግድ የለንም።

የድሬን ሙቀት አትርሱ። አፕል ራሱ አይፓድ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ አካባቢ እንዳይሠራበት ይመክራል፤ እኛ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት በኋላ ይህን ቁጥር እናልፈዋለን። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ቶሎ ይሞታል። ለዚህ ነው ታብሌቶቹ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ከሰዓት ቻርጅ የማይደረጉት፤ ማታ፣ አየር በሚያስገባ ካቢኔት ውስጥ ነው። መብራቱስ? የአንዱ ባትሪ 27 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ አርባው ተደምሮ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በሃያ ደቂቃ የሚበላው ማለት ነው። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ በነጋታው ይደርሳል።

ኢንተርኔትም አንጠብቅም። ኮሊብሪና ኪዊክስ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ በአንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው ትምህርቱንና ሙሉ ዊኪፒዲያን በዋይፋይ ለክፍሉ ያድላሉ፤ አንድ ሜጋባይት ዳታ አይፈጁም። የመማሪያ መጽሐፎቹን ፒዲኤፍም እዚያው እናስቀምጣለን።

ልጆቹ ይችሉታል ወይ ለሚል፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር፤ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ከፍተው ተገኙ። የሚያሳስበኝ የመምህራኑ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሚሰበሰበው ብር ሩብ ያህሉ ለታብሌት አይውልም፤ ለመምህራን ሥልጠና፣ ለጎማ ሽፋን፣ ለካቢኔት፣ ለራውተርና ለመለዋወጫ ስክሪን ነው። ይህን ደብቀን «ሁሉም ለታብሌት» ብንል ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን በዓመቱ አርባ የተሰበረ ብርጭቆ ነው የሚኖረን።

ታብሌቶቹ ቤት አይሄዱም። ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራሉ፣ ተቆጥረው ወጥተው ተቆጥረው ይገባሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መግዛት አንችልም፤ ብንችልም በዚህ ዓመት አናደርገውም።

የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ አይጨበጥም፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ፕሮፎርማ ግዢው ሲቃረብ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። ገንዘቡ የሚገባው በኅብረቱ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ነው፤ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም፤ ከሦስቱ አንዱ የወላጅ ነው። በማንም ግለሰብ ቴሌብር አትላኩ፣ የእኔም ቢሆን። የሒሳብ ቁጥሩን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በአካል ወይም በዘመድ በኩል ውሰዱ።

መጠኑን አንቆርጥም። የአንድ በርጫ ብር ብትሰጡንም አንንቅም፤ በርጫውን ተዉ አላልንም፣ አቦ። የአንድ ክፍል አብሮ አደጎች ተሰብስባችሁ አንድ ታብሌት ብትችሉ ደግሞ ጀርባው ላይ የክፍላችሁን ዓመት እንጽፍበታለን። ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 የምትመጡ፣ በዚያው ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ በሉና ዝርዝሩን በዓይናችሁ እዩ። መዋጮው እስከ ጥር መጨረሻ ይቆያል፤ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የመጀመሪያ ሳምንታት እንገዛለን። ገንዘብ ስታስገቡ የባንኩን ደረሰኝ ፎቶ አንሥታችሁ ለጽሕፈት ቤቱ አድርሱ፤ ስማችሁ እንዲጠራ ካልፈለጋችሁም በዚያው ንገሩን።